የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጉብኝት፦ ዕቃው እታች፣ ቤቱ እላይ

ጅማ ደርሶ ጅሬን ኮረብታ ሳይወጣ የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው። የወጣው ሁሉ ግን ረክቶ አይወርድም። «ቤቱስ ያምራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው» የሚለው ቅሬታ ደጋግሞ ይሰማል። ለቅሬታው ዋናው ምክንያት የጉብኝቱ ቅደም ተከተል መዛባት ነው። የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋርና የቤተሰባቸው ዕቃ ከቤቱ ጋር አንድ ቦታ አልቆየም። ዙፋኑ፣ ጋሻውና ጦሩ፣ የዕለት መገልገያው ከተማ ውስጥ በጅማ ሙዚየም ሲታይ ኖሯል። ቤቱ ያለው ደግሞ ከከተማው መሀል ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮረብታው ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሙዚየም ግቡ፣ ከዚያ ጅሬን ውጡ። ገልብጦ የሄደ ሰው ባዶ ክፍል አይቶ ይወርዳል፣ ሙዚየም ሲገባ ደግሞ ዙፋኑ የቱ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጥ እንደነበር ማሰብ ያቅተዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዕቃ በዕድሳትና በኤግዚቢሽን ሰበብ ቦታ ይቀያይራል። ሙዚየሙ ስትደርሱ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት «የአባ ጅፋር ዕቃ አሁን የት ነው የሚታየው? ጅሬን የሄደ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የቀኑን እቅድ ይወስናል።

ከመሄዳችሁ በፊት የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ በአእምሯችሁ ያዙ። አስጎብኚዎች ስሞቹን በፍጥነት ነው የሚደረድሩት፤ ሁሉም «አባ» ተብለው ስለሚጠሩም ሁለቱን አባ ጅፋሮች አንድ ሰው አድርጎ የሚሰማ ብዙ ነው። የመጀመሪያው አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1830 እስከ 1855 የገዙት የመንግሥቱ መሥራች ናቸው፤ እስልምና የቤተ መንግሥቱ ሃይማኖት የሆነውም በእሳቸው ዘመን ነው። ከእሳቸው በኋላ አባ ረቡ፣ አባ ቦቃ እና አባ ጎሞል ተከታትለው ነገሡ። ቤቱ በስማቸው የሚጠራው ሁለተኛው አባ ጅፋር የአባ ጎሞል ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1878 ገና በወጣትነታቸው ነገሡ፤ ያረፉት በ1932 ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዕድሜ ሲጫናቸው አስተዳደሩን የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ያዙ፤ በዚያው በ1932 ጅማ ራሷን ችላ መተዳደሯ አብቅቶ ሙሉ በሙሉ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባች። ከሴቶቹ ደግሞ የንጉሡን እናት ጌኔ ጉሚቲን አትርሱ። ልጃቸው በወጣትነት በነገሡበት ጊዜ አማካሪያቸው እሳቸው ነበሩ። አስጎብኚው ስማቸውን ካላነሣ እናንተ አንሡት፤ ብዙ ጊዜ ጥሩ ወግ የሚከፈተው በእሳቸው በኩል ነው።

ቤቱ እስከ ዛሬ መቆሙ ራሱ ታሪክ አለው። ጅማ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ነበረች፤ ሌሎቹ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ እና ጌራ ናቸው። ሁለተኛው አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለምኒልክ ገብረው በየዓመቱ ግብር ለመክፈል ተስማሙ፤ በለውጡም የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1894 ወላይታ፣ በ1897 ደግሞ ከፋ በጦርነት ሲያዙና ነገሥታታቸው ሲማረኩ ጅሬን አልተነካም። በከፋው ዘመቻ የጅማ ጦርም ከምኒልክ ሠራዊት ጎን ተሰልፏል። ይህን የሚያውቅ ጎብኚ እላይ በረንዳው ላይ ቆሞ ሸለቆውን ሲያይ የሚታየው የመልክዓ ምድር ውበት ብቻ አይሆንም፤ ድርድር የገዛው ሰላም ምን ያህል ዋጋ እንደነበረውም ይታየዋል።

ወደ ሙዚየሙ እንመለስ። ትልቅ ሙዚየም አይደለም፣ አንድ ሰዓት በደንብ ይበቃዋል። ከአባ ጅፋር ዕቃዎች ዙፋኑ ዋናው ነው፤ የጎብኚን ፊት ፈገግ የሚያደርገው ግን ንጉሡ ሲንቀሳቀሱ አብሯቸው ይጓዝ የነበረው የእንጨት መጸዳጃ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከዚያ ጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ ሌላውንም በደስታ ያያሉ። ጋሻና ጦር፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ የአካባቢው አልባሳትና የቤት ቁሳቁስም አለ። የእንጨት ሥራውን ረጋ ብላችሁ እዩት። ኋላ ጅሬን ላይ የምታገኙት ቤት የእነዚሁ እንጨት ጠራቢዎች አገር ቤት ነው፤ መቀመጫ ከአንድ ግንድ የሚያወጣ እጅ ምሰሶና መከታ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማነጻጸር ይረዳል። ቁመታቸው እጅግ ረጅም ነበር የሚባልላቸውን ንጉሥ ለመገመትም ከፎቶግራፍ ይልቅ የመቀመጫውን ስፋትና ከፍታ ማየት ይሻላል።

ሙዚየሙ የሚሠራው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው ብላችሁ ብታስቡ አትሳሳቱም። ይህ ማለት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ6፡30 እስከ 7፡30 የምሳ ሰዓት ነው፤ ዓርብ ደግሞ እረፍቱ ከ5፡30 ጀምሮ እስከ 7፡30 ይዘልቃል። ብዙ ሰው የሚበላሽበት ዓርብ ነው። ከአዲስ አበባ ሐሙስ ማታ ገብቶ ዓርብ ጠዋት አርፍዶ የሚነሣ ሰው ሙዚየሙ ደጃፍ ሲደርስ በሩ ተዘግቷል፤ «እንግዲያው ጅሬን ልውጣ» ሲል ደግሞ እዚያም የጁምዓ ሰዓት ነው። ዓርብ ብቻ ካላችሁ 2፡30 ላይ ሙዚየሙ በር ላይ ተገኙና ጅሬንን ከሰዓት በኋላ አድርጉት። ቅዳሜና እሑድ ለመሄድ ካሰባችሁ ቀድማችሁ ስለመከፈቱ አረጋግጡ፤ ማረፊያችሁ ያለው የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ አንድ ስልክ ደውሎ ይጨርሰዋል።

ስለ መንገዱ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወሊሶና ወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገርና በሰኮሩ፣ በአሰንዳቦና በሰርቦ በኩል ይገባል። የጊቤ ቁልቁለት ጠመዝማዛ ስለሆነ የመኪና ጉዞ የሚያናውጠው ሰው ወልቂጤ ላይ ሆዱን አይሙላ። በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በአውቶቡስ የመጣ ግን በዚያው ቀን ጅሬን ልውጣ ቢል አያዋጣውም፤ ሲደርስ ቀኑ አልቋል፣ የተረፈው ብርሃንም ለእንጨት ቤት ውስጥ አይበቃም።

ከከተማ ወደ ጅሬን በባጃጅ ነው የሚወጣው። በዚህ ላይ የሚፈጸመው የተለመደ ጥፋት መውጫውን ብቻ መዋዋል ነው። እላይ ደርሳችሁ ባጃጁ ከተመለሰ ሌላ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ይሆናል፤ ከመጣም ዋጋ የመቁረጡ ጉልበት በሾፌሩ እጅ ነው። ስለዚህ «ደርሶ መልስ፣ አንድ ሰዓት ተኩል መጠበቂያ፣ ሲወርድ የንጉሡ መቃብር ጋ ማቆሚያ» ብላችሁ ሦስቱንም በአንድ ዋጋ ቁረጡ። ገንዘቡን ስትመለሱ ክፈሉ። ሦስት ሰው ከነሻንጣው ተጭኖ አይውጣ፤ ዳገቱ ላይ ባጃጁ ያቃስታል፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ወርዳችሁ በእግር መሄዳችሁ አይቀርም። ጤነኛ እግር ያለው ሰው መውጣቱን በባጃጅ፣ መውረዱን በእግር ቢያደርገው ይመረጣል፤ ቁልቁለቱ ከተማውን ፊት ለፊት እያሳየ ነው የሚያወርደው።

ጅማ ዝናባም አገር ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጥላል፤ ከመጋቢት ጀምሮ ያጉረመርማል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። ለጉብኝት የሚመቸው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። በማንኛውም ወር ቢሆን ጠዋት ይሻላል፤ በጣም በማለዳ ግን ጉም ሊጋርድባችሁ ስለሚችል 3 ሰዓት ከ4 ሰዓት ባለው መሀል መድረስ ጥሩ ነው። በክረምት የምትመጡ ከሆነ ሶሉ ያልተበላ ጫማ አድርጉ። እርጥብ ጭቃ የያዘ ጫማ የእንጨት ደረጃ ላይ ያንሸራትታል፣ ወለሉንም ያበላሻል፤ እታች ጠርጎ መግባት ለቤቱም ለእናንተም ነው።

አሁን ቤቱ። ዋናው ሕንፃ ባለ አንድ ደርብ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፣ በላይም በታችም ሰፊ በረንዳ አለው። የምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶችን ያየ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ያውቀዋል፤ ወደ ውጭ የወጣ በረንዳ፣ ተጠርቦ የተደረደረ የእንጨት መከታ፣ ከላይ ሰፊ ጣሪያ። የጅሬኑ ልዩ የሚሆነው በአንድ ግቢ ውስጥ መኖሪያውም፣ ችሎቱም፣ መስጊዱም ተጠጋግተው መቆማቸው ነው። በዘመኑ ግቢው ከዚህም የሰፋ ነበር። የባለሙያዎች፣ የሹማምንትና የእንግዶች ቤቶች ኮረብታውን ሞልተውት ነበር፤ ዛሬ የቀረው እምብርቱ ነው። አስጎብኚዎች ንጉሡ ከላይኛው በረንዳ ሆነው ሜዳው ላይ የሚደረገውን ጨዋታና ትርኢት ይመለከቱ እንደነበር ይናገራሉ። እናንተም እዚያው ቆማችሁ ወደ ግቢው ተመልከቱ፤ ማን የት ይቆም እንደነበር ሥፍራው ራሱ ይናገራል።

ከዚያ ቤቱን እንደ ቤት አንብቡት። የእንጨት ቤት በየጊዜው ካልታደሰ አይቆምም፤ ይህም ቤት ሲጠገን ነው የኖረው። ስለዚህ ከማድነቅ በፊት የትኛው እንጨት የቀድሞ፣ የትኛው የኋላ እንደሆነ ለዩ። በእጅ የተጠረበ እንጨት ፊቱ ሙሉ በሙሉ ለጥ ያለ አይሆንም፤ ጎን ለጎን የመጥረቢያ ወይም የመሮ ዱካ ይታይበታል፣ ውፍረቱም ከጫፍ ጫፍ እኩል አይሆንም። በማሽን የተሰነጠቀ ጣውላ ግን ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ስፋቱ አንድ ዓይነት ነው። መጋጠሚያውን እዩ፤ እንጨት በእንጨት ተሰክቶ የተያያዘ ከሆነ የድሮ ባለሙያ እጅ አለበት፣ ብሎን ካያችሁ የቅርብ ጊዜ ነው። ቀለም ብቻውን አያስረዳም። አዲስ እንጨትን ማጥቆር፣ አሮጌውን መቀባት ቀላል ነው። ከሥር፣ ከደረጃው ጀርባና ከበረንዳው ወለል በታች ያለው ግን ብዙ ጊዜ ሳይቀባ ስለሚቀር እውነቱ እዚያ ይገኛል። ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ክፍል ተመልከቱ። የጭቃ ቤት ጠላቱ ውኃ ነው፣ ውኃውም በሁለት በኩል ይመጣል። ከላይ ቆርቆሮው ሲበሳ ወይም አሸንዳው ሲደፈን ግድግዳው ላይ ቁልቁል የወረደ መስመር ይተዋል። ከታች ደግሞ መሬቱ ውኃ ሲይዝ እርጥበቱ ወደ ላይ ይሳባል፤ ምርጊቱ ያብጥና በቁራጭ ይረግፋል። ሦስተኛው ጠላት ምስጥ ነው። ምስጥ እንጨቱን ከውስጥ ስለሚበላ ምሰሶው በዓይን ደህና ይመስላል፤ ግድግዳው ላይ እንደ ቀጭን የጭቃ ቱቦ የወጣ ነገር ካያችሁ ግን መንገዱ ነው። ንካ ንካ አታድርጉት፣ ለጠባቂው አሳዩት። ሲሚንቶ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ ካጋጠማችሁም እንዲህ ያለው ጥገና ለምን እንደሚነቀፍ እወቁ፤ ሲሚንቶ ከጭቃው ጋር እኩል አያብጥም፣ አይከስምም፣ እርጥበቱንም ውስጥ አፍኖ ይይዘዋል፤ ኋላ ላይ ሲለቅ ጭቃውን ይዞት ይወርዳል። በዚህ በኩል አስጎብኚን መጠየቅ ከንጉሥ ወግ የበለጠ ያስተምራል። «መጨረሻ የተቀየረው ምሰሶ የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጎብኚ ሲመጣ የአብዛኞቹ ፊት ይበራል።

ፎቅ ስትወጡ ተራ ያዙ። የተማሪ ጉዞ ይዞ የመጣ መምህር ሃምሳውንም በአንዴ በረንዳው ላይ ለፎቶ ሲደረድር ማየት የተለመደ ነው፤ ይህ መሆን የለበትም። የአሮጌ እንጨት ወለል ሰው ተበታትኖ ሲሄድበት የሚችለውን ክብደት አንድ ጥግ ላይ ሲከመርበት አይችልም። አሥር አሥር ሆናችሁ ውጡ። መከታው ላይ አትደገፉ፣ ሕፃን አታስቀምጡ። ባለ ሹል ተረከዝ ጫማ ጣውላን ይበሳል። ደረጃ ለሚያስቸግረው ሰው የታችኛው ክፍልና ግቢው ብቻውን ይበቃል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው ግን ላይኛውን ክፍል ማየት ይከብደዋል፣ ይህን ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። የቤቱ ውስጥ ብርሃን ደብዛዛ ነው። ስልክ ለያዘ ሰው መስኮቱን ከጀርባው አድርጎ ማንሣት ይበቃዋል።

መስጊዱ ዛሬም የሚሰገድበት ነው። የጉብኝት ዕቃ አድርጎ መግባት ነውር ነው፤ ከጠባቂው ወይም ከምእመናኑ ፈቃድ ጠይቁ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ሴቶች ፀጉር መሸፈኛ ይያዙ። የሚሰግድ ሰው ፎቶ አይነሣም። እምቢ ከተባላችሁ «እሺ» ብሎ መተው ነው፤ ከውጭም ብዙ ይታያል። በግቢው ዙሪያ የምታገኟቸውን ሽማግሌዎች «አባባ» ብላችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ ጠይቋቸው፤ ኦሮምኛ የምትችሉ ከሆነ በኦሮምኛ። አንዳንዱ የሚነግራችሁ ከአስጎብኚው የተለየ ይሆናል፣ ሁለቱንም ስሙ።

አስጎብኚ ያስፈልጋል ወይ ለሚል፦ ያስፈልጋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ የቤቱን ነገር አያደርስም። አስጎብኚ ስትይዙ ግን ክፍያው በትኬቱ ውስጥ መሆኑንና አለመሆኑን በቅድሚያ ጠይቁ፣ ትኬቱንም ደረሰኝ ተቀበሉበት። ለካሜራና ለቪዲዮ ለብቻ የሚከፈል ካለም ያኔውኑ ይለይ። ዝርዝር ብር ያዙ።

የወጉ ደካማ ጎን ግን አንድ ነገር ላይ ነው። የንጉሡ ቁመት፣ ደግነት፣ ፈረስና የግብር ድግስ በሰፊው ይተረካል፤ ይህ ሁሉ ሀብት ከየት መጣ የሚለው በቶሎ ይታለፋል። የጅማ ሀብት ከንግድ ነው። ኮረብታው ሥር ያለው የሂርማታ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይሸጥበት ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ጅማ በዘመኑ ከዋነኞቹ የባሪያ ንግድ መናኸሪያዎች አንዷ ነበረች፤ የቤተ መንግሥቱ ሥራም ያለ ባሪያ ጉልበት የሚታሰብ አልነበረም። ይህን መጠየቅ የንጉሡን ክብር መንካት አይደለም። የንግዱን አሠራር፣ የኬላውን ቀረጥ፣ የነጋድራሱንና የአባ ቆሮውን (የወረዳ ገዢውን) ሥልጣን አብሮ የሚያስረዳ አስጎብኚ ካገኛችሁ ገንዘባችሁ በከንቱ አልሄደም። ካላገኛችሁ እናንተው በረንዳው ላይ ቆማችሁ ወደ ከተማው አቅጣጫ እያያችሁ «ገበያው የት ጋ ነበር?» በሉና ጀምሩት።

ሲወርዱ የንጉሡ መቃብር አለ፤ ወደ ከተማው በሚመልሰው አቅጣጫ ነው። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ብዙ የሚታይ ነገር የለውም፣ ግን ሰባት ኪሎ ሜትር መጥቶ እሱን አልፎ መሄድ ያስቆጫል። የመቃብር ቦታ መሆኑን አስባችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

ከተማ ስትገቡ ቀኑ ካልመሸ አዌቱ ወንዝ አካባቢና መሀል ከተማው ላይ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ጅማ ከጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ አስተዳደሮች የአንዱ መቀመጫ ነበረች። ከጅሬኑ ቤት ቀጥሎ ሲታዩ ልዩነቱ ይገርማል፤ ያኛው ሥልጣኑን ኮረብታ ላይ አውጥቶ ሰቀለው፣ ይኸኛው ሜዳ ላይ በቀጥታ መንገድ ዘረጋው። ለዚህ ግን ቀን አትጨርሱ።

ቀን የሚጨርሰው በርጩማ መግዛት ነው። ጅማ በሦስት እግር በርጩማ የታወቀች ናት፣ ከሙዚየሙ ከወጣችሁ በኋላም ዓይናችሁ ሠልጥኗል። ደኅናው በርጩማ መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ የተለጠፈ እግር የለውም። ከዋንዛ የተሠራው ይወደዳል፣ ምክንያቱም ዋንዛ ለመጥረብ ይመቻል፣ ቀለሙ ያምራል፣ በደንብ ከደረቀም ብዙ አይሰነጠቅም። ሻጩ ከላይ ያለውን ጌጥ ያሳያችኋል፤ እናንተ ገልብጡት። የእግሩ ሥር መቀመጫውን የሚገናኝበት ቦታ ላይ የሙጫ መስመር ወይም በሰጋቱራና በኮላ የተደፈነ ስንጥቅ ካለ ተዉት። የግንዱ መሀል እምብርት፣ ማለትም ቀለበቶቹ የሚጀምሩባት ነጥብ፣ መቀመጫው መካከል ላይ ካረፈችም አትግዙ፤ እንጨቱ ሲደርቅ ከዚያች ነጥብ ተነሥቶ እንደ ኮከብ ይሰነጠቃል። ደቃቅ ክብ ቀዳዳና ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ነቀዝ አለው፤ ቤት ይዛችሁ ብትገቡ ሌላውንም ዕቃ ይለክፋል።

ቀጥሎ ክብደቱን መዝኑ። መጠኑ እኩል ከሆነ ሌላ በርጩማ ጋር በሁለት እጃችሁ አንሥታችሁ አነጻጽሩ፤ በጣም የከበደው ገና እርጥብ ነው። ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፣ እርጥብ እንጨት ይቀዘቅዛል። በጣታችሁ ስታንኳኩት ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ይታፈናል። ጅማ እርጥበት አዘል አየር ስላላት እዚያ ያልተሰነጠቀው አዲስ አበባ በበጋ ወር ገብቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊከፈት ይችላል። ትኩስ ቫርኒሽ የሚሸት በርጩማ ሲያጋጥማችሁ ቫርኒሹ ምን እንደሸፈነ ጠይቁ፤ ያልተቀባ ካላቸው እሱን ውሰዱና ኋላ እናንተው ቅቡት። ሦስት እግር ስለሆነ አይንገዳገድም፣ ነገር ግን መቀመጫው ያጋደለ መሆኑን ለማወቅ ለጥ ያለ የሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጣችሁ ትንሽ ውኃ ጠብ አድርጉበት፤ ውኃው ወደ አንድ ጎን ከሮጠ አንዱ እግር አጥሯል።

ማርና ቡናም ከጅማ ይገዛል። ማሩን ቅመሱና ግዙ፤ ክዳኑ በደንብ የሚጠብቅ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ የጊቤ ሙቀት ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ይለቃል። ቡና ለቤት የሚበቃችሁን ያህል ብቻ ያዙ፤ ከቡና አብቃይ አካባቢ በብዛት ይዞ መውጣት ኬላ ላይ ያስጠይቃል። (አባ ጅፋርም ኬላቸውን በዋዛ አይተዉም ነበር።)

በርጩማውን ለመጫን፦ በፕላስቲክ አትጠቅልሉት፣ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ይሻግታል። በጋዜጣ ወይም በካርቶን ጠቅልሉት፣ እግሮቹ መሀል ልብስ ጎዝጉዙ። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከሚጫን ከመቀመጫችሁ ሥር ይግባ፤ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲመታው በአንድ ፊት ብቻ ስለሚደርቅ ይጣመማል። ቤት ስትደርሱም ከፀሐይና ከምድጃ አርቃችሁ ጥላ ሥር አንድ ወር ያህል አቆዩት፤ ቫርኒሽ ወይም ዘይት የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው።